አልሙኒየም ሳይቀላ ይቀልጣል

ባሌን ሰው ሁሉ «መዳፍ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት በአንድ ግቢ አብረውን የሚሠሩት መካኒኮች ናቸው። የቀጠቀጠውን ላሜራ በዓይኑ አይቶ አያምነውማ። ስስ የጥጥ ጓንት ያጠልቅና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ከላሜራው ዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ ይስባል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። «እዚች ጋ ሆዷን ነፍታለች» ይላል። እኔ አጎንብሼ አያለሁ፣ መካኒኩ አጎንብሶ ያያል፣ ምንም የለም። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ያቺው ቦታ መብራት ሲያርፍባት ጉብ ብላ ትታያለች። ስለዚህ ከመዳፍ ጋር የሚከራከር የለም።

እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። የተዋወቅነውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱ የአንዲት አሮጌ መኪና በር ሲያቃና፣ እኔ ወንበሯን ሳለብስ። ያቺ መኪና ተሠርታ እስክትወጣ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ዲዳ መስሎኝ አዝኜለትም ነበር። ከተጋባን በኋላ ስጠይቀው፣ «አንቺ መቼ ቦታ ሰጠሽኝና?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔ ምላስ ሥራ ፈቶ አያውቅም። እሱ ደግሞ ሲሠራ ዝምታ ነው የሚፈልገው። መዶሻው ሲያርፍ ላሜራው የሚሰጠውን ድምፅ ይሰማል፣ በድምፁም የት እንደሳሳና የት እንደወፈረ ያውቃል። ወሬ ይዤ ብቅ ካልኩ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ያባርረኛል። እኔም እያጉተመተምኩ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። በእሱ ቦታና በእኔ ክፍል መካከል ያለው አንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ ስለሆነ ማጉተምተሜን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ሙያውን የጀመረው ሳጥን ሠሪ ከነበሩ አጎቱ ዘንድ ነው። የልጅነት ሥራው የተጨማደደ ቆርቆሮ በእንጨት መዶሻ ማቃናት ነበር። አጎቱ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ የመዶሻ ጠባሳ ቆርቆሮው ላይ ካዩ ያንኑ መዶሻ ጀርባው ላይ ይሞክሩታል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል ብረትን እንደሚታመም ነገር ቀስ ብሎ መምታት የለመደው። ካደገ በኋላ ወደ መኪና ሥራ ገባ፤ አሮጌ መኪኖችን እንደ ድሮአቸው አድርጎ በመመለስ ስም አወጣ። በተለይ አልሙኒየም ከሆነ ሰው ሌላ ጋ አይሄድም ነበር።

ስለ ብረትና ስለ አልሙኒየም ሲያወራ ስለ ሰው የሚያማ ነው የሚመስለው። «ብረት ይቅር ባይ ነው» ይላል። «አጥፍተህ ብትመለስ ይቀበልሃል። አልሙኒየም ቂመኛ ነው፤ አንዴ ካጎሳቆልከው ይሰነጠቃል እንጂ አይመለስም።» ቢሆንም የሚወደው ቂመኛውን ነበር። ቅለቱን ይወዳል፤ ከመዶሻው በታች እንደ ቅቤ መታዘዙን ይወዳል። ዱሮ በአልሙኒየም የተሠራን መኪና ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ በብረት ላሜራ የሚጠግን ባለሙያ ካየ ቀኑን ሙሉ ፊቱን እንዳኮሳተረ ይውል ነበር። «ሰውየው ቀጭን ነበር፣ የወፍራም ሰው እግር ቀጠሉለት» ይል ነበር።

ፍርሃት ወደ ቤታችን የገባው በአንድ ኮፈን፣ በአንድ የሞተር መክደኛ ነው።

መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭና ያመጣችው አንዲት መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት። ባለ ሁለት በር፣ አባቷ በወጣትነታቸው የነዷት መኪና ነበረች። ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ሳለ ከላይዋ የውኃ ታንከር ወድቆባት ኮፈኗ ተጨማድዷል። ታንከሩ ያላገኘው ቦታ ደግሞ ራሱን በራሱ በልቷል፤ አልሙኒየሙ የብረት ቡሎን በነካበት ሁሉ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። አልሙኒየምና ብረት ያለ መለያ ከተነካኩና እርጥበት ካገኙ የሚጎዳው አልሙኒየሙ ነው።

«ጋሼ፣ ይቃናል?» አለች።

መዳፍ ጓንቱን ሳያጠልቅ ዳሰሰው። «አይቃናም፤ አዲስ ነው የሚሠራው» አለ። ቀጥሎም፣ «በብረት እሠራልዎታለሁ» አላት።

እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ከክፍሌ በር ላይ ቀና አልኩ። የሰማሁትን አላመንኩም።

ምክንያቱን ደረደረላት። የብረት ላሜራ የትም ይገኛል። ቢጋጭ ማንም ጋራዥ ያቃናዋል። ብየዳ ይቀበላል። አልሙኒየም ግን ብየዳው አስቸጋሪ ነው፣ በትንሽ ነገር ይጎደጉዳል፣ አጠገቡ ካለው ብረት ጋር እድሜ ልኩን ይጣላል። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ግን ይህን ሁሉ እውነት እኮ ዱሮም ያውቀው ነበር፤ አውቆ ነው አልሙኒየምን የመረጠው።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «አባዬ እጁ ደክሟል። ያኔ ኮፈኑን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ነበር የሚከፍተው፤ ሞተሩን ለሰው ማሳየት ይወድ ነበር። አሁንም ራሱ እንዲከፍተው ነው የምፈልገው። የብረት ከሆነ አያነሳውም» አለች። «ደግሞ ቀለም የለውም። ያኔም ባዶውን ነበር፣ መስታወት እስኪመስል ይወለውለዋል። አልሙኒየም ከሆነ ወደ መዳፍ ሂጂ ነው ያሉኝ፣ ጋሼ። ሌላ ሰው አላምንም።»

የተጨማደደውን ኮፈን እንደገና ዳሰሰው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። ሲናገር የሴትየዋን ፊት ሳይሆን ከትከሻዋ በላይ ያለውን ቦታ ነበር የሚያየው። ስሙ ይዞት እንጂ ወዶ እንዳልተቀበለ ገባኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምን ሆንኩ? ብረት ይሻላል ብዬ ነዋ።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«ሰው አሳቡን አይቀይርም?» አለና እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ከዚያ በላይ አልነካሁትም፤ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ነገሩን አስረድቼ ልለፍ። አልሙኒየም በመዶሻ በተመታ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል። ካላለሰለሱት ይሰነጠቃል፤ የሚለሰልሰው ደግሞ በእሳት ነው። ብረት ሲግል ይናገራል፤ ይቀላል፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ይሆናል፣ በቃኝ የሚልበት ቀለም አለው። አልሙኒየም ግን አይቀላም። እንደነጣ ይቆይና ድንገት ቀልጦ ይወድቃል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ አንድ ዘዴ አላቸው። ደረቅ ሳሙና ይቀቡታል። እሳቱን ከስር ሲያስጠጉለት ሳሙናው ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሲጠቁር እሳቱን ማንሳት ነው። ትንሽ ከዘገዩ ግን ላሜራው የለም።

ያን ኮፈን ሲጀምር ነው እንግዲህ ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው። አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁሚ።»

«ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርጊ። አውሪኝ።»

እኔ ነኝ ይህ የተባልኩት። ስንት ዘመን በእጅ ምልክት የተባረርኩት ሴትዮ። ደስታዬን ለመደበቅ ትንሽ ተግደረደርኩ እንጂ ክንፍ አውጥቼ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት በለኮሰ ቁጥር ይጠራኛል፤ እኔም ወሬዬን አወርደዋለሁ። የእህቴን ከቤት አከራይዋ ጋር መጣላት፣ የጎረቤታችንን አዲስ አጥር፣ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ረስቶት ስለሄደው ጥርስ። በመካከል፣ «ሳሙናው እንዴት ነው?» ይለኛል። እንደ ቀልድ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም፣ «እንደ አከራይዋ ፊት ጠቁሯል» እለዋለሁ። ይስቅና እሳቱን ያነሳል። በስተርጅና ፍቅር የመጣብን መስሎኝ ጥሩ ሻሼን ማሰር ጀምሬ ነበር።

ሌላውን ሁሉ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ተሠርተው ያለቁ መኪኖችን ወጣ አድርጎ መሞከር ካቆመ ቆይቷል፤ ወገቤ ነው ይል ነበር። መንገድ ላይ ሰው ካልተናገረው ሰላም አይልም፤ መካኒኮቹ መዳፍ ኮራ ብለው ሲያሙት ተጣልቻቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ውኃ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከታል። «ጣትህን አውጣ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው» እያልኩ እቆጣው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ላሜራ ሲዳብስ ደግሞ ማን ይጠረጥረዋል? ያ እኮ ዱሮም የሚታወቅበት ነው። ዓይኑ ቢበራም ባይበራም ከውጭ ለሚያየው ሰው ያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያወራሁት ሳለ ደንበኛ ከበር ላይ ጠራኝ። መጣሁ ሳልለው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ፣ «ሳሙናው እንዴት ነው?» ሲል ሰማሁት። ይጠብቅ ብዬ ለደንበኛው የቆዳ ቀለም ማሳየት ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ሲወድቅ ያለው ዓይነት ድምፅ።

ዞር አልኩ። ላሜራው መሃሉ የለም። የቀለጠው አልሙኒየም እግሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ፈስሶ ያብረቀርቃል። የሱሪው ጫፍ ይጨሳል። እሱ ግን ነበልባሉን ክፍት ቀዳዳ ላይ እንደያዘ፣ አንገቱን ወደ እኔ ቦታ ዘንበል አድርጎ፣ በተረጋጋ ፊት ቆሟል። መልሴን እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋሁት፣ ሱሪውን በእጄ መትቼ አጠፋሁት። ደንበኛው ምን እንደሆንን ጠይቆን ምንም የለም አልነው። ሄደ። በሩን ዘጋሁና ፊቱ ቆምኩ።

«አታይም» አልኩት።

«ጭስ ገብቶብኝ ነው።»

እጄን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። «ምን ይዣለሁ?»

ትንሽ አሰበ። «መቀስ» አለ።

ምንም አልያዝኩም ነበር። እጄ ባዶ ነው። ዘወትር መቀስ ስለምይዝ ገምቶ ነው። የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀስ በቀስ ነገረኝ። ፊት ለፊት የሚያየው ነገር ጉም ሆኗል። ዳር ዳሩ ላይ ጥላ ይታየዋል፣ በሱ ነው የሚራመደው። የሰው ፊት የለም። «የአንቺንም ቢሆን ድምፅሽን ካልሰማሁ አላውቀውም» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ቆየ» አለ፤ ከዚያ በላይ ላወጣው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሆዴ ባባለት። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «እና ያንን ሁሉ ቀን እኔን እሳት አጠገብ አቁመኸኝ ነበር?»

«አውሪኝ ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል?» አለ። «ስታወሪ የት እንዳለሽ አውቃለሁ። ድምፅሽ ወዳለበት እሳቱን አላዞርም።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ያልኩባትን እያንዳንዷን ቅጽበት አሰብኩ። ሳቅ ሲያቋርጠኝ፣ ሻሼን ሳስተካክል፣ ቀረብ ብዬ ሳሙናውን ላይ ስል። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ሰው ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁት ደግሞ አንድ ትራስ የምንጋራውን ሰው ነው።

በማግስቱ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ መሃለኛው የዓይኑ ክፍል እንዳለቀ፣ መነፅርም ሆነ መድኃኒት የሄደውን እንደማይመልስ ነገረችን። እሳትና መሪ እንዳይነካ አጥብቃ አስጠነቀቀችው። እሺ እሺ አላት። ከበሩ ወጥተን ገና ደረጃውን ሳንወርድ ክንዴን ያዘ።

«ይቺን ኮፈን ብቻ» አለኝ።

«አበድክ?»

«አሁን ባቆም የሚወራው ምንድን ነው? መዳፍ አልሙኒየም አቅልጦ ሸሸ ነው የሚባለው። ስሜ በጨረስኩት ሥራ ላይ ይቅር። ከዚያ በኋላ ያልሽውን እሆናለሁ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ሰውየው ከዚያ ሥራ ውጭ ምንም የለውም፤ ዘመድ ቤት እንኳ ሲሄድ የበሩን ቆርቆሮ ሲዳብስ ነው የሚውለው። አንጀቴን በላው። ግን በአፌ አላልኩትም፤ ሕግ አወጣሁለት። እኔ ካልቆምኩ እሳት አይለኮስም። ወሬ የለም፤ አፌ ስለ ሳሙናው ብቻ ይናገራል። ብየዳ የተባለ ነገር ደግሞ በጭራሽ አይነካም፤ የመጨረሻውን ብየዳ ከማዶ ያለው በያጅ ይሠራል። ሁሉንም እሺ አለ።

የዚያን ኮፈን ያህል የሚያስፈራ ሥራ አላየሁም። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገቤ አስቀምጬ እቆማለሁ። «ቡናማ ጀመረ… ጠየም አለ… ጠቆረ፣ አንሳ» እላለሁ። እሳቱ ሲጠፋ ነው ነፍሴ መለስ የምትለው። እሱ ግን ከእሳቱ ሲላቀቅ ሌላ ሰው ይሆናል። ላሜራውን አሸዋ የተሞላው የቆዳ ከረጢት ላይ አጋድሞ በእንጨት መዶሻ መታ መታ ያደርጋል፣ ይዳብሳል፣ እንደገና ይመታል። ከቀለም ስር የሚደበቅ ነገር የለም፤ ኮፈኑ ባዶውን ስለሚቀር ጎድጓዳ የሚሞላው ስቱኮ ተለጥፎበት አይታለፍም። እንዲያም ሆኖ ሲያልቅ እንከን አላገኘሁበትም። ጣራው ላይ ያለው መስኮት እንዳለ ወርዶ ኮፈኑ ላይ ተኝቷል። ቆሜ አየሁትና ማልቀስ አማረኝ፤ እሱ እንዴት እንዳማረ አያይም።

የቀረው ኮፈኑን ከፊት በኩል ቆንጥጦ የሚይዘው የመቆለፊያው መያዣ ነበር። እሱ ከስር በኩል ይበየዳል። ይህች ትንሽ ነገር ናት መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ኮፈኑን እንዳያነሳው የምትይዘው። ከተላቀቀች ኮፈኑ ይነሳና መስታወቱ ላይ ይገለበጣል፤ ነጂው ከዚያ በኋላ መንገድ አይታየውም።

መኪናዋ የምትወጣበት ቀን ጠዋት ለወንበሮቹ የጎደለኝን ክር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ኮፈኑ መኪናው ላይ ተገጥሟል፣ መያዣውም ቦታው ላይ ነው።

«ማን በየደው?» አልኩት።

«በያጁ።»

በያጁን ስወጣም ስገባም ሱቁን ቆልፎ ነበር ያየሁት። የባሌን እጅ ያዝኩ። አንጓው ላይ አዲስ ቃጠሎ ቀይ ሆኖ አብጧል። እጁን ለቀቅሁት።

«አታይምኮ» አልኩት በሹክሹክታ፤ መካኒኮቹ እንዳይሰሙ። «የቀለጠውን እንዴት አየኸው?»

«እጄ ያውቀዋል። ስንት ዓመት የሠራሁት ነው። ዳሰስኩትም፣ ልስልስ ያለ ነው።»

«ስፌትም ከላይ ሲዳስሱት ልስልስ ይላል» አልኩት። «ከስር ያለውን ጨርቅ መያዝ አለመያዙን የምታውቀው ገልብጠህ ስታየው ነው።»

ኮፈኑን ልከፍት እጄን ስዘረጋ የግቢው በር ተከፈተና ሴትየዋ አባቷን ደግፋ ገባች።

ሽማግሌው ቀጭን፣ ፊታቸው ሳቂታ ሰው ናቸው። መኪናዋን ሲያዩ ምርኩዛቸውን ለልጃቸው አቀበሉ። ቀስ ብለው ሄደው መቆለፊያውን ነኩና ኮፈኑን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ኮፈኑ ግን ወጣ። «እቺ ናት!» አሉ። ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መልሰው ዘጉት፤ መያዣው ቀጭ ብሎ ያዘ። ባሌ ያቺን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ላይ የመጣውን እኔ አይቻለሁ። ደስታ አልነበረም።

ገቡ። ልጃቸው ሞተሩን አስነሳች። ሽማግሌው በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ከከተማ ወጣ እንላለን፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ እንለቃታለን! ቀስ የምትል መኪና አልወድም» አሉን።

ኮፈኑ ሲነሳ ታየኝ፤ የሽማግሌው ሳቂታ ፊት ከመስታወቱ በስተጀርባ ታየኝ። ዞር ብዬ ባሌን አየሁት። ያኔ ባሌ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከመኪናዋ ፊት ቆመና መዳፎቹን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«አንዴ ይቁሙ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሮ፣ «ክፈችው፤ ብየዳውን እይልኝ» አለኝ።

ከፈትኩት። ኮፈኑ በእኛና በእነሱ መካከል እንደ ግድግዳ ቆመ። አጎንብሼ ከስር አየሁ። ብየዳው ከላይ የተደረደረ ዶቃ ይመስላል፣ ያምራል። ዳሩ ላይ ግን ፀጉር የምታስገባ ክፍተት አለች፤ ከዳር እስከ ዳር። ላሜራውን ጭራሽ አልነካውም፤ ላዩ ላይ ተቀምጧል እንጂ። ምንም የለውም ብል የሚያምነው እኔን ብቻ ነው፤ ስሙም ይተርፋል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቀኛል።

«አልያዘም» አልኩት።

ፒንሳ ሰጠሁት። በእጁ ፈልጎ መያዣውን ነከሰና ሳብ አደረገው። ያለ ምንም ትግል ከእጁ ጋር መጣ።

ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በተከፈተው ኮፈን ላይ አሻግሮ መናገር ጀመረ። «ይህን የበየድኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም» አለ። «ከሰው ሁሉ ቀድሜ መናገር የነበረብኝ ለእርስዎ ነው፣ አልተናገርኩም።»

በኮፈኑ ጎን አሾለቅሁ። ልጅየዋ «ዓይኔ አያይም» የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። የያዘችውን መሪ ለቀቀች። በሩን ከፍታ ወረደች፣ ዞራ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ሽማግሌው፣ «ምን ተፈጠረ? ምን አለ?» ይላሉ። አንዴ ወደ እኔ አየች፤ ያንን አስተያየት አልረሳውም። ምርኩዛቸውን እንኳ ሳትይዝ፣ አቅፋቸው ማለት ይቻላል፣ እየተጣደፈች ይዛቸው ወጣች። ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ እርምጃቸው አይሰማም።

ባሌ ይናገራል። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ብረት ይሁን ያልኩዎት ለመኪናዋ አስቤ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ብረት ሲግል አሁንም ትንሽ ቅላት ዳር ዳሩን ይታየኛል። በብረት ብሠራ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነው። አልሙኒየም ግን ምንም አይልም። የመጀመሪያውን አቅልጬዋለሁ፣ ሚስቴ ናት የደረሰችልኝ። ቅርጹን ግን አይፍሩት። ቅርጹን የሠራሁት በእጄ ነው፣ እጄ አልዋሸኝም። ይህችን መያዣ ደህና በያጅ ይበይዳት፣ ዓይን ያለው ሰው። ያኔ አባትዎ እንዳሉት ይለቋታል። እኔ ለምን እንደበየድኩት እንጃ። አንድ የመጨረሻ ነገር ራሴ ልጨርስ ብዬ ነው። አባትዎ በመስኮቱ ሲስቁ ድምፃቸውን ሰማሁና…»

የተላቀቀችውን መያዣ በሁለት እጁ ይዟል፤ ፊቱን ወደ ነጂው ወንበር አቅንቶ፣ መልስ እየጠበቀ። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው። የሽማግሌው ምርኩዝ መሬት ላይ ወድቋል። መካኒኮቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል።

ሄጄ ሞተሩን አጠፋሁት።

ፀጥታው ሲመጣ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ወደ ቀኝ ሰማ፣ ወደ ግራ ሰማ። የመያዣዋን ዳር በአውራ ጣቱ ይዳብሳል።

«ሄዱ?» አለኝ።

«ሄዱ።»

«ምኑን ሰምተው ነው የሄዱት?»

አጠገቡ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። «ሁሉንም ሰምተው ነው» አልኩት።